ወረርሽኙ፣ መዝገቡና የጉልት ነጋዴዋ

የአንድ መንግሥት ዕርዳታ ማንን እንደሚያውቅ የሚገለጠው በጥጋብ ጊዜ ሳይሆን በችግር ቀን ነው። በ2012 ዓ.ም. የደረሰው የኮሮና ወረርሽኝ በዚህ ረገድ ያሳየን እውነታ ዛሬም በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። የሕዝብ ማመላለሻዎች የመቀመጫቸውን ግማሽ ብቻ እንዲጭኑ፣ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ተደነገገ። ሕይወትን ለማዳን የተወሰደው እርምጃ ተገቢ ነበር። ይሁንና ወልድያን የመሰለች ከተማ ኑሮዋን የመሠረተችው በመንገድ ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀውና ወደ ወረታ የሚገነጠለው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ መንገደኛ ሲቀንስባት፣ ከሻይ ቤቱ እስከ ሊስትሮው፣ ከመርሳና ከሀብሩ የመጣውን ማንጎና ሽንኩርት በቁና ከምትቸረችረው እናት እስከ ጫኝና አውራጁ ድረስ ሁሉም የዕለት ጉርሱን ያጣል።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በመጋቢት ወር ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። በሚያዝያ ወር የሚኒስትሮች ምክር ቤት እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረውን ውዝፍ የግብር ዕዳ ሰረዘ፤ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ባለው ዕዳ ላይም ወለድና ቅጣት አነሣ። ሥራቸው ቆሞ ሳለ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈላቸውን ለቀጠሉ ድርጅቶች ደግሞ ከደመወዝ የሚቆረጠውን ግብር ለአራት ወራት ማረ። አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱም በደንብ ተከለከለ። ለደመወዝተኛው ወዛደር ይህ ከባድ ጋሻ ነበር፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ በየትኛው በር እንደሚገባ እንመልከት። አንዱ በባንክ በኩል፣ ሌላው በግብር መዝገብ፣ ሦስተኛው በደመወዝ መክፈያ ሰነድ በኩል ይገባል። በጊዜው ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የነበረው የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ በቁርጥ ግብር ስለሚስተናገድ፣ ቅጥር ሠራተኛም ብዙውን ጊዜ ስለማይኖረው፣ ከደመወዝ ግብሩ ምሕረት የሚደርሰው ነገር አልነበረም። ከእርሱም በታች ፈቃድ የሌላት፣ ድንኳኗን በየገበያው ቀን ተክላ የምትነቅል የጉልት ነጋዴ አለች። የሚሰረዝላት ውዝፍ የላትም፤ ባንክም የሚጠይቃት ዋስትና የላትም። ያልተበደረ ወለድ አይቀነስለትም!

ሴፍቲኔት ነበር ይባል ይሆናል። አዎን፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት በወረርሽኙ ወቅት ተጠቃሚዎቹን ከአካባቢ ልማት ሥራ አሳርፎ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲሰጣቸው ተወስኗል። ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከአማራ ክልል በፕሮግራሙ የታቀፈችው ደሴ ብቻ ነበረች። ወልድያ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዳር ቆመች።

የጎረቤት ማዕድ ማጋራት ረድቷል። ዱቄቱ ግን የሳምንት ምግብ እንጂ የንግድ መነሻ አይደለም። የጥቃቅን ንግድ አሠራር ይህ ነው፤ ዛሬ በተሸጠው ትርፍ ይበላል፣ በዋናው ነገ ይገዛል። ገበያው ሁለት ሳምንት ከታጠፈ ቤተሰቡ የሚበላው ዋናውን ነው። ገበያው በተከፈተ ማግሥት ነጋዴዋ ሸማች ታገኛለች፤ የምትሸጠው ግን የላትም። በዚያች ሰዓት ከደጇ የሚቆመው አራጣ አበዳሪ ነው። ዕቁብ እንኳ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት እንደ ወትሮው አልሄደም። በቡድን ዋስትና የሚያበድረውና በ2014 ዓ.ም. ወደ ፀደይ ባንክ የተለወጠው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለዚህ መደብ ከሌሎች ባንኮች ይልቅ የቀረበ ነበር፤ ሆኖም የቡድን ዋስትና አምስቱም በአንድ ቀን ሲከስሩ ማንም ማንንም ሊያስጥል አይችልም።

ስለዚህ ጥያቄው የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የመታወቅ ጥያቄ ነው። በየሠፈሩ ማን በምን እንደሚተዳደር ጠንቅቆ የሚያውቀው ዕድር ነው። የዕድር ጸሐፊ ደብተር ከገቢዎች ቢሮ መዝገብ ይልቅ የጉልት ነጋዴዋን ስም ይዟል። ቀበሌዎች ከዕድሮች ጋር ተባብረው የሥራ ዓይነትንና የቤተሰብን ብዛት የሚያሳይ መዝገብ በደኅናው ጊዜ ቢያዘጋጁ፣ አደጋ ሲመጣ አነስተኛ መነሻ ገንዘብ በቀናት ውስጥ ማድረስ ይቻላል።

ከአንዳንድ ወገን ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ስም የገባበት ዝርዝር ግብር ሰብሳቢን ይጠራል ይላሉ። ይህን ፍርሃት ንቀን ልናልፈው አይገባም። የዕርዳታው መዝገብ ከግብሩ መዝገብ ተለይቶ ካልተያዘ፣ ይህም በአደባባይ ካልተነገረ፣ ስሟን የሚሰጥ ነጋዴ አትገኝም፤ አይፈረድባትምም። ወገንተኝነትም አለ። ዝርዝሩ በሠፈር ስብሰባ ጮክ ተብሎ ካልተነበበ የጸሐፊው ዘመድ አስቀድሞ ይገባበታል።

የከተማ ሴፍቲኔቱ ሁለተኛ ምዕራፍ በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከ11 ከተሞች ወደ 83 እንዲስፋፋ ታቅዶ ነበር። ወልድያ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ በጦርነት ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆየች፤ ከወረርሽኙ የተረፈው መነሻም በብዙ ቤት አብሮ ሄደ። ዛሬ በየቀበሌው ተረጂዎች ሲለዩ የሠፈር ማኅበር አባላትና የዕድር ዳኞች በቦታው መገኘት አለባቸው። ደብተራቸውንም ይዘው ይምጡ።