«ፍቅር ሊቢ»፦ ተመርጦ ከዩሮቪዥን መድረክ ያልደረሰው ዘፈን

«ፍቅር ሊቢ» እ.ኤ.አ. በ2020 እስራኤልን ወክሎ በዩሮቪዥን እንዲቀርብ የተመረጠ፣ አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛና ዓረብኛ የተቀላቀሉበት የዳንስ ዘፈን ሲሆን፣ ድምፃዊቷ በኢየሩሳሌም ከቤተ እስራኤል (ከኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ወገን የተወለደችው ኤደን አለነ ናት። ዩሮቪዥን የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት አባል ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የሚያካሂዱት፣ እያንዳንዱ አገር ከ3 ደቂቃ የማይበልጥ አንድ አዲስ ዘፈን የሚያቀርብበት ውድድር ነው፤ የስዊድኑ አባ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1974 «ዋተርሉ» በተባለው ዘፈኑ አሸንፎ ስሙን ያስጠራው በዚሁ መድረክ ነው። እስራኤል በአውሮፓ ባትገኝም፣ ጣቢያዋ የኅብረቱ አባል በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ውድድሩ ገብታለች።

የዘፈኑ ደራሲዎች ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይከል ናቸው። መዳሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ሊዝበን ላይ ያሸነፈውን የእስራኤል ዘፈን ከጻፉት አንዱ ሲሆን፣ ራይከል ደግሞ የአማርኛ ድምፆችን ከዕብራይስጥ ዜማ ጋር በማዋሃድ የታወቀ ሙዚቀኛ ነው። የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ አራቱንም ተፎካካሪ ዘፈኖች ያቀረበችው ኤደን ራሷ ስለነበረች፣ ፉክክሩ በዘፋኞች ሳይሆን በዘፈኖች መካከል ነበር።

ርእሱ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳም ቤተኛም ነው። «ፍቅር» ዕብራይስጥ የማያውቀው ቃል ነው፤ «ሊቢ» ግን በዕብራይስጥ «ልቤ» ማለት ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሴማዊ ዘመዳሞች በመሆናቸው ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። አማርኛ «የልቤ ፍቅር» እንጂ ሁለቱን ስሞች እንዲሁ አያጎራብትም፤ የግእዙ «ፍቅረ ልብየ» ግን ከዚህ አሰካክ እምብዛም አይርቅም። ይህን በስሕተትነት ከመቁጠር ይልቅ በሁለት ቋንቋ መካከል ላደገ ትውልድ የተገባ ስም አድርጎ ማየቱ ይሻላል።

ይህ አማርኛ ወደ እስራኤል ከተሻገረባቸው በሮች ትልቁ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች በሱዳን በኩል ቢወጡም፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ «ዘመቻ ሰሎሞን» በተባለው የአየር ማጓጓዝ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ ተነሥተዋል። ብዙ ሰው እንዲይዙ የአውሮፕላኖቹ ወንበሮች ተነቃቅለው ነበር፤ አንዱ የኤል አል ጃምቦ ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ በረረ። ነጠላቸውን የተከናነቡት ተጓዦች፣ አንዳንዶቹም ግንባራቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት እንደተለጠፈ፣ ያለ ጓዝ ተሳፈሩ፤ ቋንቋው ግን ጓዝ አይደለምና አብሯቸው ሄደ።

ዘፈኑ ሊቀርብበት የነበረው የሮተርዳም ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ተሰረዘ። አዘጋጆቹም የዚያን ዓመት ዘፈኖች በሚቀጥለው ዓመት ማቅረብ እንደማይቻል ወሰኑ፤ በደንቡ መሠረት ውድድሩ አዲስ ዘፈን ይሻል፤ በውድድሩ መድረክ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማ ለቀረ ዘፈን ግን ደንቡ ጨካኝ ነው። የእስራኤል ጣቢያ ኤደንን በድጋሚ መርጧት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሌላ ዘፈን ተወዳደረች፤ በጣም ቀጭን በሆነ ከፍተኛ ድምፅ ብትታወስም 93 ነጥብ አግኝታ 17ኛ ወጣች፤ ያሸነፈውም ሞኔስኪን የተባለው የጣሊያን የሮክ ቡድን ነበር። «ፍቅር ሊቢ» በዩሮቪዥን የነጥብ መዝገብ ላይ ቁጥር የለውም።