መጽሐፍም እንደ በሬ ጥርሱ ይታያል

ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ የሻጩን ወሬ ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የወተት ጥርሱ ስንቱ ወልቆ ስንቱ እንደተተካ ይቆጥራል። ዕድሜውን የሚያውቀው በዚህ ነው። ታዲያ በሬ እንዲህ ከተመረመረ መጽሐፍ ለምን ሳይመረመር ይታመናል?

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። አንድ ምሽት ትምህርት ካበቃ በኋላ አንድ አባት አሮጌ መጽሐፍ ይዘው መጡ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው «ጥርስን የሚበላው ትል ነው» የሚለውን ቀስ እያሉ አነበቡልኝ።

«ልጄ፣ እኛም ከአባቶቻችን የሰማነው ይኸንኑ ነው። አሁን ደግሞ ተጽፎ አገኘሁት። እንግዲህ እውነት ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው እውነቱን ከሐሰቱ በምን ልለየው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የሁላችንም ስለሆነ መልሱን እነሆ። ስለ ጥርስና ስለ አፍ ጤና የተጻፈ መጽሐፍ ስታገኙ አምስት ነገሮችን ጠይቁ።

አንደኛ፦ መቼ ተጻፈ?

የጥርስ ትል ወሬ በጣም አሮጌ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በባቢሎን አገር በሸክላ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። በአውሮፓም ዘር እያጤሱ «ትሉን አወጣን» የሚሉ ነበሩ። ወጣ የተባለው «ትል» ሲመረመር ግን በእሳት ከተሰነጠቀው ዘር የወጣ ቡቃያ ሆኖ ተገኘ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1728 ፒየር ፎሻር የተባለ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም በማጉያ መሣሪያ መርምሮ ትል እንዳላየ በመጽሐፉ ጻፈ። በ1890 ደግሞ ዊሎቢ ሚለር የተባለ ሐኪም ምክንያቱን በመጽሐፉ ገለጸ። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። ስኳርና ጥርስ ላይ የቀረ ምግብ ሲያገኙ ኮምጣጣ ነገር ያመነጫሉ። ጥርሱን የሚሸረሽረው ያ ኮምጣጣ ነገር ነው። ስለዚህ የመጽሐፉን ዓመት ፈልጉ። አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የተገኘውን ዕውቀት ግን ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛ፦ ምክንያቱን ያስረዳል ወይ?

ጥሩ መጽሐፍ «እንዲህ አድርግ» ብሎ ብቻ አያልፍም። ለምን እንደሆነም ይናገራል። ኮምጣጣ ነገር ጠንካራውን ይበላል ስላችሁ እንዲያው አትመኑኝ፤ ሞክሩት። የእንቁላል ቅርፊት በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ስታዩት ቅርፊቱ ተበልቶ ሳስቶ ታገኙታላችሁ። በአፍ ውስጥ ያለው ኮምጣጣ ነገርም ቀስ በቀስ ጥርስን እንዲህ ያደርገዋል። ልጆች ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ሲመጡ ጥርሳቸው የሚበላሸው ለዚህ ነው። የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ መላሱም ነው።

ሦስተኛ፦ የጻፈው ሰው የሚሸጠው ነገር አለው ወይ?

አንዳንድ ጽሑፍ ምክር ይመስላል፤ መጨረሻው ግን «የእኛን ሳሙና ግዙ» ነው። ሻጭ ዕቃውን ማሞገሱ ያለ ነው። እኛ ግን ሌላ የሚናገር ሰው እስክንሰማ ገንዘባችንን እንያዝ። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና እውነትም ጥርስን ይጠብቃል። ሆኖም አንድ ስም ብቻ ነው የሚጠብቀው የሚል መጽሐፍ ነጋዴ ነው። መፋቂያም በደንብ ከተፋቁበት ቆሻሻን ያነሣል። የኋላውን ጥርስና የውስጡን ጎን ግን አትርሱ።

አራተኛ፦ ለእኛ አገር ይሆናል ወይ?

በሩቅ አገር የተጻፈ መጽሐፍ «ጥርስ የሚበልዘው ባለመፋቅ ነው» ሊል ይችላል። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ አንዳንድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ግን ጥርሳቸው ገና በማደግ ላይ ያለ ልጆችን ጥርስ ያበልዛል። ለብዙ ዓመታት ከተጠጣ አጥንትንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መጠን በ1 ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋም። በዚያ አገር ልጁን «ሰነፍ፣ አልፋቅህም» ብሎ መቆጣት ግፍ ነው፤ የሚሻለው ሌላ የውኃ ምንጭ መፈለግ ነው።

አምስተኛ፦ አቅሙን ያውቃል ወይ?

ጥሩ መጽሐፍ ከዚህ በላይ ወደ ሐኪም ሂዱ ይላል። በ1983 በአውሮፓ አቆጣጠር መሪ ዲክሰን የጻፈው «የጥርስ ሐኪም በሌለበት» የሚባለው መጽሐፍ ለገጠር ጤና ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። በቦታው የሚሠራውንና ወደ ሌላ ሐኪም የሚላከውን ለይቶ ያስተምራል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ወይም መዋጥ ካቃተ ቀን መቁጠር የለም። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እኒያ አባት ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ ያልጠበቅሁትን ነገር አነሡ። የልጅ ልጃቸው ተቅማጥና ትኩሳት ይዞት ነበር። «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ተብሎ በማግስቱ ሊያስወጡለት ቀጠሮ ይዘዋል።

«ግግ ማስወጣትስ በአምስቱ ጥያቄ ሲታይ እንዴት ነው?» አሉኝ።

አብረን መረመርነው። ድዱ ላይ አበጥ ብሎ የሚታየው ገና ያልበቀለው ጥርስ ነው። ተቅማጡን ያመጣው እርሱ አይደለም። ድዱ ሲቆፈር ሕፃኑ ይደማል፤ በቆሸሸ ብረት ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍም ሊይዘው ይችላል። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚፈልገው የእናቱን ጡት ደጋግሞ መጥባት፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ምርመራ ነው።

አባት ብዙ አሰቡ። ከዚያ ተነሥተው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት ይኸ ነው» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት እናትየዋ ሕፃኑን አዝላ፣ እርሳቸው በትራቸውን ይዘው፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሲወርዱ አየኋቸው።

እናንተም አሁን ማንበብ ችላችኋል። ማንበብ ግማሽ መንገድ ነው፤ መጠየቅ ሌላው ግማሽ ነው። ይህንንም ጽሑፍ ቢሆን በአምስቱ ጥያቄዎች መርምሩት። ከዚያ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።