የቱርክኛ ሙያ አመልካችና ኀላፊ ጊዜ መድረሻዎች በአማርኛ ትርጉም

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሲባል፣ አሮጌው ሥፍራ ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ቱርክኛም ይህንኑ የኢጣልያንኛ ቃል ወርሷል፤ በዚያ ግን «ፒያሳ» ማለት ገበያ ነው። ስለዚህ «ኪታፕ ፒያሳያ ችክት» የሚለውን በድምፁ የሚከተል ተርጓሚ «መጽሐፍ ፒያሳ ወጣ» ሊል ይችላል፤ ፍቺው ግን «መጽሐፉ ለገበያ ቀረበ» ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት መዝገበ ቃላት ያርመዋል። በመድረሻዎች ላይ የሚደርሰው ግን ስውር ነው።

አማርኛ የስምን ሙያ በአብዛኛው በመነሻ ያመለክታል፤ ቱርክኛ ግን ሁሉን በመድረሻ ይገልጻል። «ፒያሳያ» ወደ ገበያ፣ «ፒያሳዳ» በገበያ፣ «ፒያሳዳን» ከገበያ ማለት ነው። በአማርኛ ከስም በኋላ የሚመጣው ሙያ አመልካች የተሳቢው «ን» ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚቀራረቡትም እዚህ ላይ ነው።

«ኪታፕ ኦኩዱ» መጽሐፍ አነበበ ማለት ነው። ተሳቢው ተለይቶ የታወቀ ሲሆን «ኪታብ ኦኩዱ» ይባላል፤ የተሳቢው መድረሻ በሳድስ አናባቢ ይሰማል፤ «ፕ»ንም ወደ «ብ» ይለውጣል። ፍቺው መጽሐፉን አነበበ ይሆናል። ቱርክኛ እንደ አማርኛው «ኡ» ያለ እምር አመልካች ስለሌለው፣ አንዱ መድረሻ በእኛ ዘንድ «ኡ» እና «ን» የሚሠሩትን ይሠራል። ተርጓሚው «ን»ን ብቻ ቢያስገባ ወይም ሁለቱንም ቢተው ፍቺው ይጓደላል።

በግሥ በኩል ጉዳዩ ይከብዳል። «ኦኩዱ» እና «ችክት» የያዙት መድረሻ አንድ ነው፤ አናባቢውና ተነባቢው ከፊቱ ካለው ድምፅ ጋር ስለሚስማማ ብቻ መልኩ ይለያያል። ተናጋሪው ድርጊቱን በራሱ ኀላፊነት ያረጋግጥበታል። «ችክምሽ» ቢል ግን ነገሩን ከሰው ሰምቷል ወይም ከምልክት ተረድቷል። አማርኛ ለዚህ መሣሪያ አያጣም፤ ለሰሚው «ወጣ አሉ»፣ ምልክት አይቶ ለተረዳው «ወጥቶ ኖሯል» ይላል። ሁለቱንም በደፈናው «ወጣ» ብሎ መተርጐም ወሬን ወደ ምስክርነት ይለውጣል።

በሦስተኛ ቋንቋ በኩል የሚተረጉም ሰው ይህን ልዩነት በቀላሉ ያጣዋል፤ መካከለኛው ቋንቋ በግሡ ላይ ካላመለከተው የሚያነሣበት ምንጭ የለውምና። ካና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያሰማ ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ቤተሰብ መካከል ገብቷል። በድራማ ውስጥ ማን እንዳየና ማን እንደ ሰማ መለየት የታሪኩ ቋጠሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቱርክኛ ተርጓሚ የቃሉን ሥር ካወቀ በኋላ መጨረሻውንም ይመልከት፤ ለተሳቢውም ለምስክሩም አማርኛ የራሱ መልስ አለው።