የጋራ፣ የወልና የሕዝብ፤ የባለቤትነት ቃላት ከአብዮቱ ዘመን እስከ መንዝ ጓሳ

አንድ ቋንቋ ከሌላ ዓለም የመጣን ሐሳብ በሚቀበልበት ጊዜ ሁለት ሥራዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ለሐሳቡ ስም ማውጣት ነው። ሁለተኛው፣ አዲሱ ስም ቀድሞ በቦታው ከነበሩት ቃላት ጋር የሚኖረውን ወሰን መለየት ነው። የኮሙኒዝም ርዕዮተ ዓለም፣ የልዕለ ኃያላን ፉክክርና የቅኝ አገዛዝ ፍጻሜ ይዘዋቸው ለመጡት ሐሳቦች አማርኛ የመጀመሪያውን ሥራ በሚያስደንቅ ፍጥነት አከናውኗል። ሁለተኛው ሥራ ግን በብዙ ረገድ ገና አልተጠናቀቀም። በዚህ ጽሑፍ የባለቤትነትን ቃላት አንሥተን፣ በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ከሚታወቀው የመሬት ሥርዓት ጋር በማነጻጸር፣ የወሰኑ አለመለየት ያስከተለውን ችግር ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስለ ስያሜዎቹ አወጣጥ ጥቂት እንበል። የቅኝ አገዛዝን ፍጻሜ የሚመለከቱት ቃላት ከአብዮቱ በፊት በጋዜጣና በራዲዮ የተለመዱ ነበሩ። ኢትዮጵያ በሚያዝያ 1947 ዓ.ም. በባንዱንግ ጉባኤ መካፈሏ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ መመሥረቱ ለዚህ አስተዋፅኦ አድርጓል። «ቅኝ ግዛት» የሚለውን ስያሜ ከግእዙ «ቀነየ» ጋር አያይዞ የሚመለከተው ሰው መገዛትን ያነብበታል፤ ከአማርኛው «ቃኘ» ጋር የሚያያይዘው ደግሞ የሰውን አገር መሰለልንና ዐይን መጣልን ያይበታል። ሁለቱም ንባቦች ለሐሳቡ ስለሚስማሙ ቃሉ ያለ ክርክር ጸንቷል።

የ1966ቱ አብዮት ያስከተላቸውን ስያሜዎች በአራት መንገዶች መክፈል ይቻላል። አንደኛው ከግእዝ ሥር ማውጣት ነው፤ «አብዮት»፣ «አድኃሪ»፣ «ርዕዮተ ዓለም» እና «ልዕለ ኃያል» ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው የነባር ቃልን ትርጉም ማስፋት ነው፤ በቤት ውስጥ ከጭቃ የሚሠራው መቀመጫና በአትክልት ቦታ የሚወጣው የተክል ረድፍ መጠሪያ የሆነው «መደብ» የኅብረተሰብ ክፍል መጠሪያም ሆኗል። ሦስተኛው ማጣመር ነው፤ «ወዛደር»፣ «ላብ አደር»፣ «ሠርቶ አደር» የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። አራተኛው መዋስ ነው፤ «ኮሙኒዝም»፣ «ኢምፔሪያሊዝም»፣ «ፊውዳል» እንዳሉ ተወስደዋል። መንገዶቹ እርስ በርሳቸው የተወዳደሩበት ጊዜም ነበር። ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. መንግሥት መመሪያውን ሲያስታውቅ «ኅብረተሰብአዊነት» የሚለው ቃል ጎልቶ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ግን «ሶሻሊዝም» የሚለው የውሰት ቃል ቦታውን ያዘ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ በተከፈተው «አብዮታዊ መድረክ» ላይ የተካሄደው ክርክር የፖለቲካ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ የቃላት ክርክርም ነበር።

ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙዎቹ ቃላት አብረውት ከአደባባይ ወረዱ። «አደር» በሚለው የተጣመሩት ግን ሁሉም አልጠፉም፤ «አርሶ አደር» እና «አርብቶ አደር» ዛሬም በሕግና በዜና ይሠራባቸዋል። የባለቤትነት ቃላትም እንዲሁ ከአብዮቱ ተሻግረው ሕግ ሆነው ይኖራሉ። ስለዚህም በእነርሱ ላይ የሚፈጸም የትርጉም ስሕተት የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዘመኑ ትምህርት የኅብረተሰብ ዕድገት በደረጃዎች ይከፈል ነበር። መጀመሪያ «ጋርዮሽ»፣ ቀጥሎ የባሪያ አሳዳሪ፣ ከዚያ ፊውዳላዊ፣ ከዚያም የከበርቴ ሥርዓት፣ በመጨረሻ ሶሻሊዝምና ኮሙኒዝም ይመጣሉ። በዚህ መሰላል ላይ የጋራ ባለቤትነት ያለው በታችኛውና በላይኛው ጫፍ ብቻ ነው። መካከሉ በሙሉ የግል ወይም የባላባት ነው። አሁን ይህን መሰላል ይዘን ወደ መንዝ እንውጣ።

መንዝ በልማድ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የእርሻ መሬቱ በአመዛኙ የርስት ነበር፤ ይኸውም ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለዱ ሁሉ በትውልድ ሐረግ ድርሻ የሚጠይቁበት ሥርዓት ነው። «ጭሰኛ» የሚለው ቃል በደቡብ የአገራችን ክፍሎች የብዙኃኑን ገበሬ ኑሮ ሲገልጥ፣ በእንዲህ ዓይነቱ የርስት አገር ግን ብዙኃኑን አይገልጥም። ከእርሻው ሌላ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጓሳ ምድር አለ። ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይውላል። ይህ ምድር አስቦና ጌራ ከተባሉ አቅኚ አባቶች የሚቆጠሩ ባለርስቶች የጋራ ሀብት ሆኖ፣ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ተጠብቆ ኖሯል። በቀሮ ሥርዓት ባለመብቶቹ አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ ምድሩ ለሦስት እስከ አምስት ዓመት ያህል ከአጨዳና ከግጦሽ ተከልሎ ይቆያል፤ ሲከፈትም ለባለመብቶቹ ብቻ ይከፈታል።

እንግዲህ ይህ ሀብት ምን ይባል? ባለቤቶቹ ብዙ ስለሆኑ የግል አይደለም። ጭሰኛ የሚያስገብር ባላባት ስለሌለበት «ፊውዳላዊ» የሚለው በትክክል አይገልጠውም። ሕግ፣ ሹምና ቅጣት ስላለው እንደ «ጋርዮሽ» ጥንታዊ ደረጃ ሊቆጠር አይችልም። ለሁሉም ክፍት ስላልሆነም የሕዝብ አይደለም። መሰላሉ ቦታ አልነበረውም፤ መሰላሉ ቦታ ስላልነበረው መዝገበ ቃላቱም ቃል አላዘጋጀለትም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ወጣ። አዋጁ የርስትና የደሳ አገሮችን ለይቶ በአንድ ምዕራፍ መመልከቱ፣ ገበሬውም በሚያርሰው መሬት ላይ የይዞታ መብት እንዲኖረው ማድረጉ አይካድም። ይሁን እንጂ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የእንግሊዝኛ ቅጂ በርእሱ «ፐብሊክ»፣ በሦስተኛው አንቀጽ ግን «ኮሌክቲቭ» የሚሉ ሁለት ቃላትን ይጠቀማል። የመጀመሪያው ለሁሉም የሆነን፣ ሁለተኛው በማኅበር የተያዘን ነገር ያመለክታል። አንዱን በሌላው መተካት በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በጓሳ ላይ ግን ቀላል አልነበረም። አዋጁ የርስትን መብት ሲሽር የቀሮ ሥርዓት ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። ባለመብት የነበረውም ያልነበረውም በገበሬ ማኅበሩ በኩል እኩል ተጠቃሚ ሆነ። በአንድ በኩል ይህ ፍትሕ ነበር፤ ከአቅኚ አባት ባለመወለዱ ብቻ ከሣሩ ተከልክሎ የኖረው ጎረቤት መብት አግኝቷልና። በሌላ በኩል ግን «የሁሉም» የሆነው ምድር ለተወሰነ ጊዜ ጠባቂ አጥቶ ተጎድቷል። ኋላ ነዋሪዎቹ ጥበቃውን በሌላ ቅርጽ መልሰው ስላቋቋሙ፣ ቦታው ዛሬ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነቱ ይታወቃል። «ኅብረተሰብ» ሳይሆን «ማኅበረሰብ» መባሉን ልብ ይሏል፤ የመጀመሪያው መላውን የአገር ሕዝብ፣ ሁለተኛው በአንድ አካባቢ በአንድ ደንብ የሚኖረውን ወገን ያመለክታል።

ሕጉም ቆይቶ አንድ ቃል አቅርቧል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 «የወል ይዞታ» የሚለውን ስያሜ ሠርቶበታል። «ወል» ለሰዋስው ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ «የተጸውዖ ስም» እና «የወል ስም» እያልን አስተምረናል። ነገር ግን አዋጁ የወልን ይዞታ የተረጎመው መንግሥት ለአካባቢው ነዋሪዎች እንደሰጠው መሬት አድርጎ ነበር። የጓሳ ታሪክ ግን መብቱን ከመንግሥት ስጦታ ሳይሆን ከአቅኚ አባቶች ይቆጥራል። እንግዲህ ቃሉ ተገኝቷል፤ ትርጓሜው ግን ገና ያከራክራል።

ከዚህ በመነሣት ለተርጓሚዎች አንድ መመዘኛ እናቀርባለን፤ «ማን ማንን መከልከል ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የተወሰኑ ባለመብቶች በደንባቸው ሌላውን መከልከል ከቻሉ «የወል» እንበል። ማንም ዜጋ ሊከለከል የማይችልበት ከሆነ «የሕዝብ» ይባል። የሚፈቅደውና የሚከለክለው የመንግሥት አካል ከሆነ «የመንግሥት» ማለት ይገባል። «የጋራ» የሚለው ሰፊ ቃል ሆኖ ይቆይ፤ «የጋራ ስምምነት»፣ «የጋራ መግለጫ» እንደሚባለው ለድርጊትና ለሐሳብ ሁሉ ያገለግላልና በሕግ ጽሑፍ ብቻውን ባለቤትን ለመለየት አይበቃም።

በዚህ መመዘኛ መሠረት የቀሮው ጓሳ የወል ነበር፤ አዋጁ የሕዝብ አደረገው። ሁለቱንም በአንድ ቃል የሚተረጉም ሰው አንድ ለውጥ እንደተካሄደ እንኳ ለአንባቢው አይነግረውም። የዚያን ዘመን ሰነዶች ዛሬ የምንተረጉም ሁሉ ይህን ልዩነት እንድንጠብቅ ያስፈልጋል፤ በቃሉ ውስጥ ያለው የአንድ አገር ገበሬ ሣር፣ የቤት ክዳንና የመከልከል መብት ነውና።