ዶሮና እጃችን

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ይላል ተረታችን። እኛ ግን በተከራየነው ግቢ ዶሮ ስናረባ ማታለሉን እንኳ አላወቅንበትም ነበር፤ እያባረርን ነበር የምንይዘው። ባለፈው ዓመት ዓይን ላይ ጠብ የሚደረገውን የፈንግል ክትባት ለመስጠት አምስት ዶሮዎች አሳደድን፤ ሦስቱን ያዝን፤ ሁለቱ አጥር ዘለው ሳይከተቡ ቀሩ። በወሩ ፈንግል ገባና ከሁለቱ አንዲቱ ሞተች። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ዶሮ ጠላቷ ብዙ ነው። ጭልፊት ከላይ ይወርድባታል፤ ሸለምጥማጥ በሌሊት ይመጣባታል። ዓይኖቿ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ከኋላዋ ጥቂት ሲቀር ዙሪያዋን ታያለች። ስለዚህ ከላይ የሚወርድ እጅ በእርሷ ዘንድ ከጭልፊት አይለይም።

ለበዓል ከገበያ እግሯን ይዘን ዘቅዝቀን ስናመጣት ዝም ትላለችና «ለመደች» እንላለን። ስሕተት ነው። አትናቴዎስ ኪርኸር የተባለ የአውሮፓ ሊቅ፥ እግሯ ታስሮ መሬት ላይ የተጋደመች ዶሮ ሳትነቃነቅ እንደምትቀር በ1646 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ይህ ዝምታ በፍርሃት መደንዘዝ መሆኑን ይናገራሉ። ከዚህም በላይ ዶሮ ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን በማንቀሳቀስ ነው። ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿን ይጫናል።

ታዲያ እንዴት እናልምዳት? በመጀመሪያዎቹ ቀናት መያዝ የለም። በየዕለቱ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ዓይነት ጥሪ፥ ቁጭ ብለን ጥሬ እንበትናለን። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና ጥሪውንና ጥሬውን ቶሎ ታገናኛለች። ቀጥሎ ጥሬውን ወደ እግራችን እናቀርባለን፤ ኋላም በመዳፋችን እንይዛለን። ከመዳፍ መብላት ስትጀምር በሌላው እጅ ከጎን በኩል ደረቷን እንነካለን። ከሸሸች አናባርራትም፤ ወደ ቀድሞው ደረጃ እንመለሳለን።

ስናነሣት አንድ እጅ ከደረቷ ሥር ገብቶ እግሮቿን በጣቶች መካከል ይይዛል፤ ሌላው ክንፎቿን ይሰበስባል። ወደ ሰውነታችን እናስጠጋታለን እንጂ ደረቷን አንጨምቅም። ስናወርዳትም እግሮቿ መሬት እስኪነኩ አንለቃትም፤ ከዚያ ጥሬዋን እንሰጣታለን። ሳትለምድ መያዝ ግድ ከሆነ፥ ዶሮ በጨለማ አጥርታ አታይምና ከመሸ በኋላ ከቆጥ ላይ በቀስታ ማንሣት ይሻላል።

«ለፋሲካ ልናርዳት አይደለም ወይ የምናለምዳት?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥያቄው እውነት አለው። ነገር ግን እስከዚያች ቀን ጤናዋ በእጃችን ነው፤ በዚያችም ቀን ቢሆን ሳትባረርና ሳትዘቀዘቅ ልትያዝ ይገባታል።

ዘንድሮ ክትባቱ ሲደርስ የቀሩት አራቱ በጥሪ መጡ። አንዲትም ሳትቀር ተከተቡ።