ከመንታዎቹ አንዱ ሲሞት

በ8ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ላይ ሁለት ልብ ሲመታ ያየች እናት በ12ኛው ሳምንት ስትመለስ የሚመታው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሕመምም ደምም ላይኖር ይችላል፤ የሞተው ፅንስ ቀስ በቀስ ተመጥጦ ይጠፋል። አልትራሳውንድ ከመምጣቱ በፊት ብዙዎች መንታ መፀነሳቸውን እንኳ ሳያውቁ አንድ ልጅ ይወልዱ ነበር። መንስኤው በአብዛኛው ከፅንሱ የክሮሞዞም ጉድለት ጋር የተያያዘ ነው። እናትየዋ ዕቃ ስላነሳች ወይም ስለደነገጠች የመጣ አይደለም፤ ይህን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

በዚህ ጊዜ የተረፈው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል። ከሦስተኛው ወር በኋላ ሲሆን ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ የእንግዴ ልጃቸው አንድ ነው ሁለት?

አንድ የእንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታዎች የደም ሥሮቻቸው እዚያው ላይ ይገናኛሉ። የአንዱ ልብ ሲቆም የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ የሕያው ወንድሙ ደም ወደ እሱ ይፈስሳል። ሕያው የሆነው በድንገት ደም ያጥረዋል፤ በቅድሚያ የሚጎዳውም አንጎሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ትንተና እንዳሳየው፣ አንዱ ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ሲሞት ሁለተኛውም የሚሞተው የእንግዴ ልጅ በሚጋሩት ላይ 15 በመቶ፣ በማይጋሩት ላይ 3 በመቶ ያህል ነው።

ታዲያ ቶሎ ይወለድ? ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ጉዳት ካለ ግን የሚደርሰው ወዲያው፣ አንዱ በሚሞትበት ሰዓት ነው፤ ያለጊዜው ማዋለድ አይመልሰውም፤ ሌላ አደጋ ይጨምራል እንጂ። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ እየተከታተሉ ይጠብቃሉ፤ ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላም የሕፃኑን አንጎል በኤምአርአይ ያያሉ።

ለእናትየዋ «አንዱ ተርፎልሻል፣ ተመስገን በይ» ማለት አያጽናናትም። አንዱን እያሳደገች ሌላውን ታለቅሳለች፤ ሁለቱም የእሷ ልጆች ናቸው።

የእንግዴ ልጁ አንድ ይሁን ሁለት በደንብ የሚለየው ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ እያደር መለየቱ ይከብዳል። በአገራችን ደግሞ ብዙ እናቶች ክትትል የሚጀምሩት ዘግይተው ነው። መንታ እንዳረገዛችሁ ከተነገራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጠይቁ፤ መልሱንም በክትትል ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ።