የጂኦግራፊ ተመራማሪና የድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፕ፦ ከምርምር ንድፉ በፊት የሚወሰኑ ጉዳዮች

ዶክትሬቱን ያጠናቀቀ የጂኦግራፊ ተመራማሪ በውጭ አገር ድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፕ ሲፈልግ በቅድሚያ የሚያሳስበው የምርምር ንድፉ ይዘት ነው። ሆኖም ንድፉ ገና ሳይነበብ የማመልከቻውን ዕጣ የሚወስኑ ነገሮች አሉ፤ ከእነዚህም አመልካቹ ባለፉት ዓመታት የት እንደኖረና ጥያቄውን ለየትኞቹ ገምጋሚዎች እንዳቀረበ ዋነኞቹ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፕ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ደንቦች እ.ኤ.አ. የ2024 ጥሪ ደንቦች ሲሆኑ፣ አመልካች የየዓመቱን ጥሪ በራሱ ማንበብ ይኖርበታል።

የአውሮፓው ዘርፍ ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው። የሚጠይቀው አመልካቹ ከመዝጊያው ቀን በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ተቀባይ ተቋሙ በሚገኝበት አገር ከ12 ወራት በላይ አለመኖሩን ወይም ዋና ሥራውን በዚያ አለማከናወኑን ነው። ይህ ደንብ ጥናታቸውን በአገር ቤትና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ መካከል ከፍለው የሠሩ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል። ለምሳሌ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለስምንት ስምንት ወራት ቤልጅየም የቆየ ተመራማሪ በድምሩ 16 ወራት አሳልፏል። ሥራውን ከማንም በላይ የሚያውቁት አማካሪው ያሉበት አገር፣ ሊቀበሉት ፈቃደኛ ቢሆኑም እንኳ፣ ለጊዜው ተዘግቶበታል። በዚያው መስክ የሚሠራ የጀርመን ወይም የኔዘርላንድስ ምሁር ግን ሊቀበለው ይችላል። ለዕረፍት የተደረገ አጭር ቆይታ አይቆጠርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፓስፖርት ገልጦ ወራትን መደመር ነው።

ደንቡ የሚያግዝበትም ቦታ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን በተሳካ ሁኔታ የተከላከለ፣ ዲግሪው ግን ገና በይፋ ያልተሰጠው ተመራማሪ ብቁ ነው። የሴኔት ውሳኔ ለሚጠብቅ ሰው ይህ አንድ ሙሉ ዓመት ሊያተርፍለት ይችላል። ከዶክትሬት በኋላ የሚፈቀደው የምርምር ልምድ ደግሞ እስከ 8 ዓመት ነው። (የ2024 ጥሪ የተዘጋው በመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደነበረ ማስታወስ ይገባል፤ ዕንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ያሰበ ቀደም ብሎ መጨረስ ነበረበት።)

ሁለተኛው ጉዳይ የጂኦግራፊ የራሱ ጠባይ ነው። ትምህርቱ አንድ እግሩን በተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሌላውን በማኅበራዊ ሳይንስ ላይ ያቆመ ነው፤ የፌሎውሺፑ የግምገማ ዘርፎች ግን የአካባቢና የምድር ሳይንስን ከማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብእ ይለያሉ። በጎጃም የሚገኘውን የአንጀኒ ተፋሰስ እንውሰድ። ቦታው ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1981 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጣቢያዎች አንዱ ነበር። «እርከን ከተሠራ በኋላ በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ምን ያህል ቀነሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ንድፍ የመጀመሪያው ዘርፍ ነው። «ገበሬው አንዱን እርከን ሲጠብቅ ሌላውን ለምን ያፈርሳል?» የሚለው ደግሞ የሁለተኛው። ሁለቱን እኩል ጎን ለጎን ያስቀመጠ ንድፍ በ10 ገጽ ገደብ ውስጥ ሁለቱንም ወገን ላያረካ ይችላል፤ አንዱ ገምጋሚ የልኬቱን ዘዴ፣ ሌላው የንድፈ ሐሳቡን መሠረት ይፈልጋል። ገምጋሚ የሚመደበው በተመረጠው ዘርፍና በቁልፍ ቃላቱ ስለሆነ፣ ጥያቄው ከየት እንደሚነሣ ወስኖ ሌላውን ለእርሱ አጋዥ ማድረግ ይሻላል። እርከኑን መለካት ገበሬውን ለመረዳት ነው ወይስ ገበሬውን መጠየቅ ልኬቱን ለማብራራት? ይህን ያልመለሰ አመልካች ቁልፍ ቃል ለመምረጥ አልደረሰም።

ከነጥቡ 50 በመቶው ለምርምሩ የላቀ ጥራት፣ 30 በመቶው ለሚያስከትለው ለውጥ፣ 20 በመቶው ለአፈጻጸሙ ይሰጣል። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ መለኪያ አለ፦ ዕውቀት በአመልካቹና በተቀባዩ መካከል በሁለቱም አቅጣጫ መተላለፉ። በእኛ ባህል ተማሪ በመምህሩ ፊት ዝቅ ብሎ መቅረብ የጨዋ ወግ ነው፤ በማመልከቻ ላይ ግን «ከእርስዎ ለመማር እጓጓለሁ» የሚለው ብቻ ግማሹን ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራል። አመልካቹ የሚያመጣው ነገር በስሙ መጠራት አለበት፦ ለዓመታት የሰበሰበው የመስክ መረጃ፣ ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ጋር ያመሳከረው የመሬት አጠቃቀም ታሪክ፣ ገበሬውን ያለ አስተርጓሚ ማነጋገር መቻሉ። ይህን ያልጻፈ ኢትዮጵያዊ በራሱ ንድፍ ውስጥ ወደ መረጃ አቅራቢነት ይወርዳል፤ ያም ራሱን በራሱ የሚያደርገው ነገር ነው።

በጂኦግራፊ ታላቅ ስም ያላቸውን የአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትን ስም የተሸከመው የጀርመን ፋውንዴሽን መንገድ ከዚህ ይለያል። ለአገርም ሆነ ለሙያ ዘርፍ ኮታ የለውም፤ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፑ ከ6 እስከ 24 ወራት ሲሆን ዶክትሬቱ ከተጠናቀቀ 4 ዓመት ያልሞላው ሊሆን ይገባል። በቤልጅየም ቆይታው ምክንያት መንገድ የተዘጋበት ተመራማሪ ይህን በር ሊያንኳኳ ይችላል፤ ሰዓቱ ግን ከኩሪው 8 ዓመት ይልቅ ፈጥኖ ይሮጣል።

በኩሪው ፌሎውሺፕ ከ70 በመቶ በታች ያገኘ ማመልከቻ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ተቀባይ ተቋም ዳግም ሊቀርብ አይችልም። በነሐሴ መጨረሻ ተቻኩሎ የተላከ ንድፍ እንግዲህ የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ዕድል፣ የተቀባዩን ምሁር በጎ ፈቃድ ጨምሮ፣ ይዞ ሊሄድ ይችላል።